የዘጠኝ ረቡዕ «ያልተነገረ»

ዶና ፌይ ትሬድዌይ በተቀበረች በማግስቱ፣ ረቡዕ፣ በሃርሞን ክሪክ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በታደለው የጸሎት ወረቀት ላይ ስሟ ከሕያዋን ጋር ወጣ። «ዶና ፌይ፣ ያልተነገረ» ይላል፤ ከወይዘሮ ሂክስ የጉልበት ቀዶ ጥገና በታች። አርባ ሦስት ቅጂ ተባዝቶ ነበር። አርባ ሦስት ሰው አነበበው፤ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። አጣጥፈው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ከተቱትና ወደ እራታቸው ዞሩ።

የጻፈችው ቨርሊን ፕሩዊት ናት። ጻፈች ከተባለ። የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ከሆነች አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ወረቀቱን ግን በየሳምንቱ እንደ አዲስ ጽፋው አታውቅም። ያለፈውን ሳምንት ከኮምፒዩተሩ ትከፍታለች፣ የዳነውን ታወጣለች፣ የታመመውን ታስገባለች፣ ቀኑን ትቀይራለች፣ ታባዛለች። በዚያ ሳምንት ዶና ፌይ ወጥ ቤቷ ውስጥ በባሏ በራንዲ ጥይት ወድቃ፣ ራንዲም ጋራዡ ገብቶ ራሱን አጥፍቶ፣ የስድስት ዓመት ልጃቸው ጎረቤት ቤት ተኝታ ተርፋ፣ አገሩ ሁሉ በለቅሶ ሲታመስ፣ ቨርሊን ቀኑን ቀየረች። ስሟን ማውጣት ረሳች።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው፣ ረቡዕ ረቡዕ ከእራት በኋላ የጸሎት ርዕስ ይሰበሰባል። አንዱ ስለ ኩላሊቱ ይናገራል፣ አንዷ ሥራ ስላጣ ልጇ። ጉዳዩን መናገር የከበደው ሰው ደግሞ እጁን ያወጣና «ያልተነገረ አለኝ» ይላል። በቃ። ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ የጠየቀ ሐሜተኛ ይባላል። እግዚአብሔር ያውቀዋል፣ እኛ እንጸልያለን፣ የቀረውን ሆድ ይፍጀው። ቨርሊን ይህን ወግ ከእናቷ ነው የወረሰችው። ስድሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ጨዋነት ይመስላት ነበር። አሁን ስታስበው ያቅለሸልሻታል።

መጋቢት ሲገባ ወጣቱ ፓስተር፣ ወንድም ኬልቪን፣ አንድ ደብዳቤ አርቅቆ መጣ። ናሽቪል ባለው የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ለውይይት የቀረበ የሕግ ረቂቅ ነበር፤ ሰው ራሱን ወይም ሌላውን ሊገድል ነው ብሎ ቤተሰቡ ከሰጋ፣ ዳኛ ፊት ቀርቦ የሰውዬው ጠመንጃ ለጥቂት ወራት እንዲያዝለት ማመልከት ይችላል የሚል። ደብዳቤው ቤተ ክርስቲያኒቱ ረቂቁን ትደግፋለች ይላል። ባፕቲስት ቤት ግን ጳጳስ የለም፤ ፓስተርም አዛዥ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ስም አንዲት መስመር የምትወጣው አባላት ድምፅ ሲሰጡ ነው።

ሰኞ ናሽቪል ሄዳ ደብዳቤውን ልታነብ የተመዘገበችው ቨርሊን ናት። በራሷ ስም ካነበበችው ማን ይሰማታል? አንዲት የተቆጣች አሮጊት፣ ሦስት ደቂቃ፣ አመሰግናለሁ፣ ቀጣይ። የወረዳቸው ሴናተር ግን ራሱ ባፕቲስት ቤት ያደገ ነው፤ ለሰው ባይደነግጥ ለቤተ ክርስቲያን ይደነግጣል። ከአርባ ሁለት አባላት የሚበልጡት እሺ ካሉ የሃርሞን ክሪክን ስም ይዛ ትገባለች። ለዶና ፌይ ልታደርግላት የምትችለው አንድ ነገር ይሄ ብቻ ነበር፤ ሌላው ሁሉ አልፏል።

በድምፅ መስጫው ረቡዕ፣ እራት ላይ፣ ዴኒ ስታምፕስ ሳህኑን በአሳማ ሥጋና በፎሶሊያ ሞልቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ዴኒ እሁድ እሁድ ሽጉጡን ወገቡ ላይ ታጥቆ የቤተ ክርስቲያኑን በር የሚጠብቅ ሰው ነው።

«እህት ቨርሊን፣ ናሽቪል ሄደሽ ጠመንጃዬን ልታስቀሚኝ ነው አሉ።»

«ያንተንማ ማን ይነካዋል፣ ዴኒ። አምና አጋዘኑን ስተህ የሂክስን ላም የመታህበት አይደል? አጋዘኖቹ ራሳቸው ፈርመው ይተዉልሃል።»

ጠረጴዛው ሳቀ። ዴኒም አብሮ ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀላ። «ብቻ በስተርጅና ዴሞክራት እንዳትሆኚብን።»

«የባሌ ጠመንጃ ጓዳዬ ውስጥ ቆሟል። እባብ ደጄ ሲመጣ ማንንም አልጠራም፤ አንተንም። ጠመንጃ ጠልቼ እንዳይመስልህ።»

«ታዲያ ምን ጠልተሽ ነው?»

«አፌን በእራት አታስከፍተኝ» አለችና ዳቦዋን ቆረሰች።

ሳህኑ ተነሥቶ ወንበሩ በረድፍ ከተደረደረ በኋላ ወንድም ኬልቪን ደብዳቤው ለውይይት ክፍት ነው አለ። ሁሉም ወደ ፊተኛው ረድፍ አየ። እዚያ የተቀመጠው ሃሮልድ ትሬድዌይ ነው፤ የዲያቆናት ሰብሳቢ፣ ሰባ አንድ ዓመቱ፣ ዕድሜውን በእንጨት መሰንጠቂያ የጨረሰ፣ የራንዲ አባት። አጠገቡ ሚስቱ ኢሞጂን መሐረቧን በእጇ ጠቅልላ ይዛለች። የልጅ ልጃቸው ከሕፃናቱ ጋር ታች ክፍል ናት፤ አሁን የምትኖረው ከእነሱ ጋር ነው። ከጥር ወዲህ ለሃሮልድ ያልተለቀሰለት፣ ምግብ ያልተወሰደለት ቀን የለም። የሆነውን ግን በስሙ የጠራው የለም። «ያ አደጋ» ነው የሚሉት። አደጋ። አደጋ መኪና በበረዶ ሲንሸራተት ነው። ቨርሊን ይህን ቃል በሰማች ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች።

ሃሮልድ ተነሣ። ሸሚዙ ሰፍቶታል።

«ይህን ቤት ከሠሩት ሰዎች አንዱ አባቴ ነው» አለ። «አባቴ ችግር ሲገጥመው ናሽቪል አልጻፈም። ጎረቤቱ ዘንድ ሄደ። እኛ ዳኛ አያስፈልገንም፤ እኛ ቤተሰብ ነን። ዶና ፌይ...» ሚስቱን አየና ፊቱን መለሰ። «ዶና ፌይ አንዲት ቃል ተናግራ ቢሆን፣ እዚህ ያለ ወንድ ሁሉ በዚያው ማታ ሄዶ ያን ጠመንጃ ይሰበስበው ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እሷ ደበቀችን። እኔ ያለኝ ይሄው ነው።»

«አሜን» አለ አንዱ ከኋላ። «አሜን» አለ ሌላው። ሃሮልድ ተቀመጠ፤ ኢሞጂን እጁን ያዘች።

ቨርሊን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የምትናገረውን አዘጋጅታ ነበር፤ ለስለስ ያለ፣ ጥቅስ ያለበት። «እሷ ደበቀችን» የሚለውን ስትሰማ ደሟ ፈላና ወረቀቷን ትታ ከጸሐፊ ማህደሯ ሌላ ጥቅል አወጣች። ስትነሣ ወንበሯ ወደ ኋላ ተገፍቶ ወደቀ። አላነሣችውም።

«አንዲት ቃል» አለች። «ይኸው ቃሏ። የኅዳር ሁለተኛው ረቡዕ። ዶና ፌይ፣ ያልተነገረ። ሦስተኛው ረቡዕ። ዶና ፌይ፣ ያልተነገረ። የምስጋና በዓል ዋዜማ፣ ሁላችሁም ሆዳችሁን ስታስቡ፣ ዶና ፌይ፣ ያልተነገረ። የገና ሳምንት፣ ያልተነገረ። ዘጠኝ ረቡዕ። ዘጠኝ ጊዜ እጇን አውጥታ ነገረችን። ምን ያህል ጊዜ ትንገረን? እንዴት ትንገረን?»

«ምን እንደሆነማ አላለችም» አለ ዴኒ።

«ማን ጠየቃት? አንተ ጠየቅሃት? እኔ ጠየቅኋት? በዘጠነኛው ረቡዕ ወንበር ሳጣጥፍ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ዝም ብላ ቆመች። ሰው ዝም ብሎ የሚቆመው ጠይቁኝ ሲል ነው፤ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። እኔ ምን አልኳት? ‹እጸልይልሻለሁ፣ የኔ ቆንጆ› አልኳትና የመጋገሪያ ሰሃኔን ይዤ ወደ መኪናዬ ሄድኩ። ሰሃኑ ትኩስ ነበርና እጄን አቃጠለኝ። ለሰሃኑ ቸኮልኩ። በሦስተኛው ቀን ሞተች።»

የቨርሊን ፊት ነዶ ነበር። አፍራለች፤ ቁጣዋ ግን ከኀፍረቷ ይበልጥ ስለነበር አላቆመችም፤ ሁለተኛውን ወረቀት እንደገና አነሣች። «የየሳምንቱን አንድ በአንድ አነብላችኋለሁ፤ ደበቀች የሚል ሰው ከዚህ በኋላ እንዳይኖር። ዶና ፌይ፣ ያልተነገረ። ሃሮልድ፣ ያልተነገረ።»

ቆመች።

ዓይኗ አንድ መስመር ወርዶ ነበር፤ አፏም ዓይኗን ተከተለ። ሦስተኛውን ወረቀት ገለጠች። ዶና ፌይ፣ ያልተነገረ፤ ከሥሯ ሃሮልድ፣ ያልተነገረ። አራተኛውን። አምስተኛውን። በዘጠኙም ላይ ሁለቱ ስሞች ተከታትለው ተቀምጠዋል፤ ቨርሊን በገዛ እጇ አባዝታቸዋለች፣ አንድም ቀን ግን አላነበበቻቸውም። የሚቀየር ነገር ስላልነበራቸው። ሁለቱም የጀመሩት በአንድ ሳምንት ነው፤ የአጋዘን አደን ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው።

ከአንገቷ ቀና አለች። ሃሮልድ መሬት መሬት ያያል።

«ያንተስ ምን ነበር?» አለችው። ለሃሮልድ አንተ ብላው አታውቅም።

«እህት ቨርሊን» አለ ዴኒ፣ አሁን እየቀለደ አይደለም። «ያልተነገረ አይጠየቅም።»

«ዝም አይነቅዝም ስንል ኖርን፣ ዴኒ። ነቀዘ። ነቅዞ ሁለት ሰው ቀበርን። እጠይቀዋለሁ። ምን ነበር፣ ሃሮልድ?»

ወንድም ኬልቪን ከመስበኪያው ኋላ ግማሽ እርምጃ ተራመደና ቆመ። ኢሞጂን «ተይው» አለች፣ በሹክሹክታ። ሃሮልድ ሲናገር አልተነሣም፤ ድምፁም ለቤቱ ሳይሆን ለጉልበቱ የሚናገር ሰው ድምፅ ነበር።

«ጥቅምት ላይ ወሰድኩበት» አለ። «ሦስቱንም። ሁለት ጠመንጃና ሽጉጡን። ሌሊት እየተነሣ ግቢው ውስጥ ይዞት እንደሚዞር ዶና ፌይ ለኔ ነግራኛለች። ለኔ ነግራኛለች። ወስጄ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት። አደን ሊከፈት ሲል መጣና ስጠኝ አለኝ። አልሰጥም አልኩ። ወደ ሸሪፉ ቢሮ ደወለ። የላኩት ፖሊስ ልጅ እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማርኩት ነው። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ‹ሚስተር ሃሮልድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ንብረቱ ነው። የዳኛ ትእዛዝ ከሌለዎት ስርቆት ይሆንብዎታል፤ ትእዛዙን የሚሰጥ ሕግ ደግሞ እኛ ዘንድ የለም› አለኝ። እና አወጣሁለት። በእጄ። ጥይቱንም ጭምር። ከዚያ ረቡዕ መጥቼ እጄን አወጣሁ።»

«ለምን አልነገርከንም?» አለችው ቨርሊን።

«ልጄ ነው» አለ ሃሮልድ።

ቨርሊን አላዘነችለትም ማለት ውሸት ነው። ግን ከሁለት ደቂቃ በፊት በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት የሞተችውን ልጅ «ደበቀችን» ያላት ይኸው ሰው ነው፤ እዝነቷ ቁጣዋን አላበረደላትም። የወደቀውን ወንበሯን አነሣችና ቆማ ቀረች። ከኋላ አንዲት ሴት ታለቅሳለች። ሰዎቹ ቨርሊንን የሚያዩበት ዓይን ተለውጦ ነበር፤ ሽማግሌን በአደባባይ ያራቆተች ሴት የምትታይበት ዓይን።

ወንድም ኬልቪን ላብ አጥምቆታል። «ወገኖች፣ ወደ ድምፅ እንሂድ» አለ። «ማንም በማንም እንዳይቀየም ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን፣ ዓይናችንን ጨፍነን እናድርገው። እህት ቨርሊን እንደ ልማዷ ትቆጥራለች።»

አንገት ሁሉ ተደፋ። ደብዳቤው ይላክ የሚል እጁን ያውጣ ተባለ። ቨርሊን የራሷን እጅ አውጥታ መቁጠር ጀመረች፤ ከፊተኛው ረድፍ። የመጀመሪያው እጅ የሃሮልድ ነበር።

ቀጥ ብሎ ወጥቷል። መሰንጠቂያው ሁለት ጣት የበላበት ያ ትልቅ እጅ። ዓይኑን ጨፍኗል። ቨርሊን ተሳስቶ መስሏት ጠበቀች፤ አላወረደም። ቆጠራዋን ጨረሰች። አስራ ስምንት።

«እጃችሁን አውርዱ። አይላክ የምትሉ» አለ ወንድም ኬልቪን፣ እሱም ዓይኑን እንደ ጨፈነ።

ሃያ ሦስት እጅ ወጣ። የዴኒ፣ የወይዘሮ ሂክስ፣ የመዘምራኑ፣ ለሃሮልድ ሳምንት ሙሉ ሾርባ ያመላለሱት ሴቶች። ግማሾቹ ከእራት በፊት እደግፋለሁ ብለዋታል። ለምን እንደ ተገለበጡ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ ሽማግሌው ከዚህ በላይ አይዋረድ ብለው ነው። ለእሱ አዝነው። ኢሞጂን ብቻ ለሁለቱም እጇን አላወጣችም። ሃሮልድ ደግሞ በመጀመሪያው ያወጣውን እጅ ጨርሶ አላወረደውም፤ ውረድ መባሉንም የሰማ አይመስልም። በአርባ ሁለት ሰው መካከል ያን እጅ የምታይ ቨርሊን ብቻ ናት።

አሁንም እንዳለፈው ጊዜ ነው። አሁንም ጨዋነት። አንገት ደፍተው፣ ዓይን ጨፍነው፣ ለሰው አዝነው ሰው ያስገድላሉ። ጉሮሮዋ ላይ የመጣው ስድብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚባል አልነበረም፤ ዋጠችው።

«ቆጠርሽ፣ እህት ቨርሊን?»

«ዓይናችሁን ግለጡ» አለች።

«እህት ቨርሊን፣ ውጤቱን ብቻ...»

«ግለጡ አልኩ። ለእሱ ብላችሁ አይደል? እንግዲያው እዩት። ይላክ ሲባል ያወጣውን እጅ እስካሁን አላወረደም።»

አንድ ሁለት ሰው ቀና አለ፤ ከዚያ ሁሉም። ሃሮልድ ብቻ አልገለጠም። እጁን በሌላው እጁ ደግፎ ይዞታል። ኢሞጂን አይታው ከወንበሯ ተነሣች፤ ቦርሳዋን አንጠለጠለች፤ ማንንም ሳታይ በመሐል መተላለፊያው አልፋ ወጣች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

«እንደገና እንቆጥራለን» አለች ቨርሊን። «ቆመን። እየተያየን።»

ወንድም ኬልቪን እንዲህ ያለ ደንብ እንዳለ አያውቅም፤ እንደሌለም አያውቅም። እሺ አለ። ሃሮልድ ሲነሣ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ነው። ከኋላው ወይዘሮ ሂክስ፣ በአዲሱ ጉልበቷ፣ ከዚያ መዘምራኑ። ይላክ ብሎ የቆመው ሃያ ስድስት ሆነ። አስራ አምስቱ እንደ ተቀመጡ ቀሩ። ዴኒ እጆቹን አጣምሮ፣ «ሃሮልድ፣ ነፍሴን እሰጥሃለሁ» አለ፤ «ይህን ግን አልሰጥህም።» ሃሮልድ ራሱን ነቀነቀለት። ቨርሊን ዴኒን ጠላችው፤ ቢያንስ እየተያዩ ነው ያለው ብላ ደግሞ ቁጥሩን መዘገበች።

ሰዉ ሲበተን ማንም አላነጋገራትም። ማህደሯን ስትሰበስብ ሃሮልድ ጠረጴዛዋ ዘንድ መጣ። መነጽሩን አደረገና ደብዳቤውን አሳዪኝ አላት። በቆመበት አነበበው፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የመጨረሻው መስመር ላይ ጣቱን አኖረ። «የተከበረው ምክር ቤት ይህን ሕግ እንዲያጸድቅ በትሕትና እንጸልያለን» ይላል።

«ይቺን አውጪያት» አለ።

«የቷን?»

«እንጸልያለንን። ጸልየን አይተነዋል።»

ቨርሊን እስክሪብቶዋን አንሥታ ሰረዘችው። «ምን ልጻፍ?» አለች። ሳታስበው «ምን ልጻፍልዎት?» ብላ ደገመች።

ሃሮልድ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ጻፊ» አለ። «ስሜ ሃሮልድ ዩጂን ትሬድዌይ ነው። ልጄ ሚስቱን ገደላት። የገደለበትን ጠመንጃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።»

እጇ ቆመ። «እንዲሁ ይጻፍ?»

«እንዲሁ። ሰኞ ስታነቢው እኔም አጠገብሽ እቆማለሁ። የሚጠይቀኝ ካለ ይጠይቀኝ።»